ዓይናችንን ማን አስተማረው?



በቤተ ክርስቲያናችን ጥንታዊ ሥዕሎች ብዙ ጊዜ ጻድቃን በሁለት ዓይናቸው ሲመለከቱን፣ ክፉዎች ግን በጎን ዞረው አንድ ዓይናቸው ብቻ ይታያል። ይህን ምልክት የማያውቅ እንግዳ በጸሎተ ሐሙስ ራት ሥዕል ፊት ቢቆም ዓይኑ ከሰው ወደ ሰው ይባዝናል። ከሕፃንነቱ የተማረው ግን ይሁዳን ወዲያው ይለያል። አእምሮአችን ከሚታየው ሁሉ ጥቂቱን መርጦ ይቀበላልና፣ በመምረጡ ሥራ አስቀድሞ የተማራቸው ምልክቶች ይመሩታል።

ምልክቱ የሚማረን ለበጎ ብቻ ቢሆን ኖሮ መልካም ነበር። በ2011 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ አንደርሰን፣ ሎረንትና ያንቲስ የተባሉ ተመራማሪዎች ሰዎችን ቀይ ወይም አረንጓዴ ክብ እንዲፈልጉ አደረጉ። ለአንዱ ቀለም ብዙ ጊዜ 5 ሳንቲም፣ ለሌላው ብዙ ጊዜ 1 ሳንቲም ይከፈል ነበር። ቆይቶ ክፍያው ቀረ፤ የሚፈለገውም ቅርፅ እንጂ ቀለም አልነበረም። ሆኖም ያ ብዙ የከፈላቸው ቀለም በአጠገብ ሲታይ ሰዎቹ ከሥራቸው ይዘገዩ ነበር። ለአምስት ሳንቲም!

እኛስ? ባለፈው ወር በቅዳሴ ላይ መጋረጃው ሊገለጥ ሲል ከፊታችን በአንድ ሰው እጅ ስልክ በራ። ድምፅ አልነበረውም፣ ብርሃን ብቻ። የመዘምራን ልብስ ለብሰን የቆምን አራት ልጆች በአንድ ጊዜ ወደዚያ ዞርን። ስንመለስ መጋረጃው ተገልጧል፤ ከጎናችን የነበሩት እማሆይም ሰግደው አገኘናቸው። በኋላ ስለ ነገሩ ስንጠይቃቸው፣ «የምን ስልክ፣ ልጆቼ?» አሉን።

ኃጢአት ነው ብለን ለመፍረድ አንቸኩልም፤ ዓይናችን የዞረው ፈቃዳችንን ሳይጠይቅ ነውና። ነገር ግን ያንን ብርሃን በየቀኑ በመልእክትና በሣቅ እያስከፈልን ለዓይናችን ያስለመድነው እኛው ነን። ቅዱስ ጴጥሮስም (ማቴ. 14) ዓሣ አጥማጅ ነበር፤ ነፋስን መጠባበቅ ከሙያው ያገኘው፣ ነፍሱንም ያተረፈለት ልማድ ነው ብለን እናስባለን። በጌታ ፊት በባሕር ላይ ሲራመድም ያው የሠለጠነ ዓይኑ ወደ ነፋሱ ሄደበት።

ከዚያ እሑድ ወዲህ አራታችን ስልካችንን ቤት ትተን እየመጣን ከእማሆይ አጠገብ እንቆማለን። እጃችን ግን እስከ አሁን ባዶ ኪሳችንን ይዳብሳል።