የቅዳሜ ተውሳክ ስለ ምን ስምንት ሆነ

የበዓላትና የአጽዋማት ማውጫ ሒሳብ የሆነውን ባሕረ ሐሳብን ከየኔታ እግር ሥር ተቀምጦ የተማረ ሰው ሁሉ የዕለታትን ተውሳክ፣ ማለት ለየዕለቱ የተመደበውን ተጨማሪ ቁጥር፣ እንደ ዳዊት በቃሉ ይዞታል፤ እሑድ 7፣ ሰኞ 6፣ ማክሰኞ 5፣ ረቡዕ 4፣ ኀሙስ 3፣ ዓርብ 2፣ ቅዳሜ 8። እኔም በቃሌ ይዤው ስኖር፣ በደሴ ከተማ ሒሳብ ከማስተምራቸው ልጆች አንዲቱ፣ ቁጥሮቹን በሰሌዳ ላይ በተራ ጽፌ ሳበቃ እጇን አንሥታ፣ «መምህር፣ ከ7 ተነሥተው አንድ አንድ እየቀነሱ እስከ 2 ከወረዱ በኋላ ቅዳሜ 1 መሆን ሲገባት ስለ ምን ወደ 8 ወጣች?» ብላ ጠየቀችኝ። አባቶች እንዲህ ሠርተውታል ብዬ ብመልስ ሐሰት አይሆንም ነበር፤ እርሷ የጠየቀችው ግን የሠራው ማን እንደ ሆነ ሳይሆን ሠሪውን ምን እንዳስገደደው ነውና፣ ጥያቄዋን ለጓደኞቿም ሰጥቼ እኔም ከእነርሱ ጋር መመርመር ጀመርሁ።

ከደሴ በስተ ሰሜን በቅርብ ርቀት ያለው ቦሩ ሜዳ፣ በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ 4ኛ፣ ንጉሥ ምኒልክ ባሉበት፣ ጉባኤ አስደርገው የሃይማኖትን ክርክር ያስፈጸሙበት ስፍራ ነው። ሊቃውንቱ መጻሕፍት እየጠቀሱ ተከራከሩ፤ ነገሩን በመጨረሻ የዘጋው ግን የንጉሠ ነገሥቱ ፍርድ ነበረ፤ እርሱን ተከትሎ በወሎ እስላሞች ላይ የወጣው ዐዋጅም ምን ያህል መራራ እንደ ነበረ የአገሩ ሰው አይረሳውም። ይህን የማነሣው የጥንቱን ቁስል ልነካካ ብዬ ሳይሆን፣ በሥልጣን የተዘጋ ነገርና በማስረጃ የተዘጋ ነገር ልዩነታቸው በዚህ አገር ሁኜ ሳስበው ይበልጥ ስለሚገለጥልኝ ነው። በሥልጣን የተዘጋውን የሚቀበለው ሥልጣኑን የተቀበለ ብቻ ነው፤ በማስረጃ የተዘጋውን ግን፣ የየትኛውም ሃይማኖት ልጅ ቢሆን፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አብሮ የቈጠረ ሁሉ ያለ ማንም ትእዛዝ ይቀበለዋል። ስለዚህ ለቅዳሜ የምንሻው ምክንያት የፋሲካን በዓል የማያከብር ሰው እንኳ መርምሮ ሊያጸድቀው የሚችል መሆን ይገባዋል ብዬ ቆረጥሁ።

ከቀላሉ ተነሣን። በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ሲጨመር ዓመተ ዓለም ይገኛል፤ እርሱ በ19 ተገድፎ የሚተርፈው መደብ፣ ከመደቡ አንድ ሲቀነስ ወንበር ይባላል። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ አበቅቴን፣ በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ መጥቅዕን ይሰጣል። በ2016 ዓ.ም. ዓመተ ዓለሙ 7516፣ መደቡ 11፣ ወንበሩ 10 ስለ ነበረ አበቅቴው 20፣ መጥቅዑ 10 ሆነ፤ በ2017 አበቅቴው 1፣ መጥቅዑ 29። በሁለቱም ዓመት ድምራቸው 30 ነው፤ ሊቃውንቱም ሁልጊዜ 30 ነው ይላሉ።

ሁልጊዜ የሚለውን ቃል ሁለት ዓመት አይተን ልንናገረው እንችላለንን? ሁለት መቶ ዓመትስ ብናይ? እንዲህ እያልሁ ስጠራጠር፣ ከልጆቹ አንዱ ወንበር ከ0 እስከ 18 ያለው 19 ዓይነት ብቻ ስለ ሆነ፣ 19ኙ ከተሞከሩ የሚያመልጥ ዓመት የለም አለ። እውነቱን ነው፤ ይህ ራሱ ፍጹም ማስረጃ ነው፤ ልጁንም ስለዚህ አመሰገንሁት። ሆኖም 19ኙን ሞክሮ የጨረሰ ሰው ነገሩ እንዲህ መሆኑን ያውቃል እንጂ ስለ ምን እንዲህ እንደ ሆነ አያውቅም። ምክንያቱ የታየን ሁለቱን ብዜት አንድ ላይ ባየን ጊዜ ነው፤ አንዱ ወንበር አንድ ጊዜ በ11፣ አንድ ጊዜ በ19 ከተባዛ፣ በጠቅላላው በ30 ተባዝቷል ማለት ነው፤ በ30 የተባዛ ነገር በ30 ሲገደፍ ምንም አይተርፈውም፤ ስለዚህ እያንዳንዳቸው ከ30 የሚያንሱት ሁለቱ ቅሬታዎች ወይ ተደምረው 30 ይሆናሉ፣ ወይ ሁለቱም አልቦ ይሆናሉ። ሁለቱም አልቦ የሚሆኑት ወንበሩ አልቦ ሲሆን ብቻ ነው፤ በዚያን ጊዜ ደግሞ ሊቃውንቱ መጥቅዑን 30 ብለው ስለሚይዙት ቃላቸው በዚያም አይፈርስም። የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ ድሜጥሮስ ከሌሊቱ 23 ከቀኑ 7 ሱባዔ ገብቶ አገኘው የሚባለውም ከዚሁ ጋር ይሰምራል፤ 23 ሱባዔ 161 ቀን ነው፣ በ30 ሲገደፍ 11 ይተርፋል፤ 7 ሱባዔ 49 ቀን ነው፣ 19 ይተርፋል።

በዚህ መካከል አንድ ወዳጄ ጠመዝማዛውን መንገድ ይዞ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ወጣ። በወጣትነቱ ደረሳ ሁኖ በወሎ ሸሆች ዘንድ የአመክንዮ ትምህርት የሆነውን መንጢቅንና የውርስ ክፍያ ሕግ የሆነውን ፈራኢድን የቀራ ሰው ነው፤ ልጆቹ በቁጥር ሲጨነቁ ባየ ጊዜ «አብሽሩ!» አለና ከኪሱ ጥሬ ቡና አውጥቶ በጠረጴዛው ላይ 17 ፍሬ ደረደረ። በባቲ የሰኞ ገበያ የሚነግድ ሰው 17 ግመል ትቶ ሞተ፤ ለበኵሩ እኩሌታውን፣ ለመካከለኛው ሲሶውን፣ ለታናሹ ከ9 አንዱን ተናዝዟል፤ ግመል ሳይታረድ እንዴት ይካፈሉ? ልጆቹ ሲያቅታቸው አንድ ፍሬ ከራሱ ጨምሮ 18 አደረገው፤ ለበኵሩ 9፣ ለመካከለኛው 6፣ ለታናሹ 2 ሰጠ፤ አንዲቱ ፍሬ ተረፈች፤ አንሥቶም ወደ ኪሱ መለሳት።

ልጆቹ አደነቁ፤ እኔን ግን የማንም ድርሻ ያልሆነች ግመል መጥታ የማይቻለውን ክፍያ አስችላ መሄዷ አላሳመነኝም። ሲሶና እኩሌታ ከ9 አንድም ሲደመሩ ምን ያህል እንደሚሆኑ እንዲያሰሉ ብነግራቸው፣ ከ18 እጅ 17 እጅ ብቻ ሆኖ ተገኘ። እንግዲህ ሟቹ ሀብቱን ሁሉ አልተናዘዘም ነበር፤ የተናዘዘው አንድ ሙሉ አይሞላም፤ ወራሾቹ ያገኙትም ኑዛዜው ከሚሰጣቸው ጥቂት ይበልጣል፤ 18ኛዪቱ ግመል የጐደለውን ሸፈነች እንጂ ኑዛዜውን አልፈጸመችም። ወዳጄም ይህን ሲሰማ ደስ ብሎት፣ በፈራኢድ ከ9 አንድ የሚባል ድርሻ ጭራሽ እንደሌለ፣ የታወቁት ድርሻዎች እኩሌታ፣ ሩብ፣ ስምንተኛ፣ ሁለት ሲሶ፣ ሲሶና ስድስተኛ ብቻ እንደ ሆኑ አስረዳን፤ እነርሱም ቢሆኑ አንዳንድ ጊዜ ከሙሉ እንደሚበልጡ ነገረን። ሴት ሞታ ባሏንና ሁለት እኅቶቿን ብትተው ለባል እኩሌታ ለእኅቶቹ ሁለት ሲሶ ይደርሳል፤ በስድስት እጅ ሲቈጠር 3ና 4 ነው፤ 7 ከ6 አይወጣም። በዚህ ጊዜ የእስልምና ሕግ ሊቃውንት የሆኑት ፉቀሃዎች ዐውል በሚሉት ሥርዓት ሀብቱን ከ7 ይከፍሉትና ለባል 3፣ ለእኅቶቹ 4 ያደርሳሉ፤ ጉድለቱ በሁሉም ላይ እንደየድርሻው ይወድቃል። ይህ ከግመሉ ተንኰል ይልቅ እጅግ ያስከብራል ብዬ አምናለሁ፤ ቁጥሩ እንደማይበቃ አልሸሸገምና።

ከዚህ በኋላ ወደ ተውሳክ ስንመለስ ጥያቄው ራሱ ተለውጦ አገኘሁት፤ «8 ትክክል ነውን?» ከማለት ይልቅ «1 ቢሆን ኖሮ ምን ይፈርስ ነበር?» ብለን ጠየቅን። መጥቅዑ ከ14 ሲበልጥ በመስከረም፣ ሲያንስ በጥቅምት ይውላል፤ በዋለበት ዕለት ተውሳክ ላይ ሲደመር መባጃ ሐመር ይሆናል፤ ከዚያ አራት ወር ተቈጥሮ ጾመ ነነዌ ይገባል። በመጀመሪያ ተውሳክ የሚሠራውን ልብ በሉ፤ ከሰኞ 6፣ ከማክሰኞ 5፣ ከዓርብ 2 ቀን ብንሄድ ዘወትር የምንደርሰው እሑድ ላይ ነው። አራት ወር 120 ቀን ነው፤ 17 ሳምንት ከአንድ ቀን፤ ስለዚህ ከእሑድ ተነሥቶ ሰኞ ያደርሳል፤ ነነዌ ከሰኞ የማይወጣው ስለዚህ ነው። ከነነዌ እስከ ትንሣኤ ደግሞ 69 ቀን ስለ ሆነ ትንሣኤ ከእሑድ አይወጣም። ጳጉሜን በዚህ መንገድ ላይ ስለማትገኝ 5 ሆነች 6 ሆነች ሒሳቡን አትነካውም።

ነገር ግን ከቅዳሜ 1 ቀን ብንሄድም እሑድ እንደርሳለን፤ ስለዚህ እስከዚህ ድረስ ያለው ማስረጃ 8ን ከ1 አይለይም፤ ጥርጣሬያችንም በዚህ ላይ ጸና። የለየልን በዓለ ፍሥሕ፣ ማለት የአይሁድ ፋሲካ፣ ነው። ፍሥሕ ከመጥቅዕ 6 ወር ከ10 ቀን፣ ማለት 190 ቀን ተቈጥሮ ይውላል፤ ትንሣኤ ግን ከመጥቅዕ ተውሳኩና 120 እንዲሁም 69፣ ማለት ተውሳኩና 189 ቀን ተቈጥሮ ይውላል። እንግዲህ ትንሣኤ ከፍሥሕ የሚርቀው ከተውሳኩ አንድ ተቀንሶ በሚቀረው ቀን ነው። ተውሳኩ 1 ቢሆን ርቀቱ ምንም ይሆንና ትንሣኤ በፍሥሑ ዕለት ላይ በወደቀ ነበር፤ አባቶች ደግሞ ትንሣኤ ከፍሥሕ በኋላ እንጂ በዚያው ዕለት እንዳይውል ሠርተዋል። ስለዚህ ቅዳሜ አንድ ሳምንት ተጨምሮባት 8 ሆነች። በ2016 መጥቅዑ ጥቅምት 10 ቅዳሜ ነበረ፤ ፍሥሑ ሚያዝያ 20 እሑድ፣ ትንሣኤው ሚያዝያ 27 ሆነ፤ ልክ 7 ቀን። ወዳጄ ፋሲካን ባያከብርም ቁጥሩን ከእኛ ጋር ከጫፍ እስከ ጫፍ ተከትሎ «ሌላ ሊሆን አይችልም» አለ።

ይሁን እንጂ እርሱ መንጢቅ የቀራ ሰው ነውና ከማስረጃው አልፎ መነሻውን ጠየቀ። አበቅቴ በየዓመቱ 11 ከጨመረ፣ በወንበር 18 አበቅቴው 18 ከሆነ፣ በሚቀጥለው 29 መሆን ሲገባው ስለ ምን ወደ አልቦ ይመለሳል? 11 በ19 ተባዝቶ 209 ነው፤ ባለ 30 ቀን 7 ወር ግን 210 ነው፤ አንድ ቀን ጐደለ። ይህችን ቀን ቁጥሩ ከራሱ አላወጣትም፤ 19 የፀሐይ ዓመትና 235 የጨረቃ ወር ይተካከላሉ ከሚለው ከሰማይ ከተወሰደ ዕውቀት ተጨመረች እንጂ። መተካከላቸውም ፍጹም አይደለም፤ 19ኙ ዓመት 6939 ቀን ከ18 ሰዓት ሲሆን፣ 235ቱ ወር በአንድ ሰዓት ተኩል ያህል ያንሳል፤ ይህም ከ300 ዓመት በላይ ሲጠራቀም አንድ ቀን ይሆናል። በ2017 ፍሥሕ በሒሳቡ ሚያዝያ 9 ሲሆን፣ ጨረቃ የሞላችው ለሚያዝያ 5 አጥቢያ ነበረ።

«ታዲያ ማስረጃችሁ ወደቀ» አለኝ ወዳጄ፤ «እኛ ረመዳንን በዐይናችን አይተን እንገባለን።» አልወደቀም ብዬ መለስሁለት፤ ማስረጃው ይህ ከተያዘ ያ ይከተላል ይላል እንጂ የተያዘው ነገር ከሰማይ ጋር እንደማይንሸራተት ዋስ አልሆነም። ደግሞም ረመዳን ጨረቃዋ በታየች ማግስት ሊገባ ይችላል፤ ነነዌ ግን ከትንሣኤ 69 ቀን፣ ዐቢይ ጾም 55 ቀን አስቀድሞ ይገባልና፣ ሁለቱም የሚወሰኑት ገና ባልወጣች ጨረቃ ነው፤ ያልወጣችውን ዐይን አያያትም፤ ሐሳብ ብቻ ይደርስባታል። በዚህ ተስማማልኝ፤ ሐሳብ ከሆነ ግን አራቱን ቀን ስለ ምን አታርሙትም የሚለውን ጥያቄውን አልተወም፤ እኔም ለብዙ አብያተ ክርስቲያናት የጋራ የሆነ ዕለት በአንድ ሰው ስሌት አይነቀነቅም ብል፣ ያ የሥልጣን መልስ ነው እንጂ የማስረጃ አይደለም ብሎ አልተቀበለኝም፤ ክርክራችንም ገና አላለቀም።