የልክ ጥያቄ

በቋንቋችን «ልክ» የሚለው ቃል መጠንንም ትክክለኛነትንም ይገልጻል፤ «ልኩን አሳየው» ሲባል ግን ሰውን ለማዋረድ ይውላል። ስለዚህ ሰው ሰውን በሚለካበት ስፍራ ሁሉ ከሦስቱ የትኛው እንደሚፈጸም ልንጠይቅ ይገባናል።

የአሜሪካ ጦር እ.ኤ.አ. ከ2010 እስከ 2012 የ4,082 ወንዶችንና የ1,986 ሴቶችን አካል በእጅም፣ በብርሃን በሚቃኝ መሣሪያም ለክቷል። ምልምል ወታደር በእንዲህ ያለ መሣሪያ ፊት ሲቆም የአካሉ ቅርጽ በሴኮንዶች ይቀዳል፤ ኮምፒዩተሩም የደረቱንና የወገቡን መጠን አስልቶ የሚስማማውን የደንብ ልብስ ቁጥር ያመለክታል። ለወንድ ደረት የተቆረጠ ጥይት መከላከያ የተሸከመች ሴት ወታደር የዚህን ጥቅም አትስተውም።

ይሁን እንጂ ወታደር ሁልጊዜ ለራሱ ጥቅም አልተለካም። ቤንጃሚን ጉልድ እ.ኤ.አ. በ1869 ያሳተመው ጥናት በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የተለኩትን ወታደሮች በዘር ከፋፍሎ አቀረበ። በ1896 ደግሞ ፍሬድሪክ ሆፍማን ከዚያው ጥናት የሳንባን መጠን ጠቅሶ ጥቁሮች በተፈጥሮ ደካሞች ናቸው ሲል ተከራከረ። ይህ ፍርድ የማንንም ወታደር ስም አላስፈለገውም፤ አኃዙ በቃው። እንግዲህ ከመዝገብ ላይ ስምን መሰረዝ ብቻውን ዋስትና አይሆንም።

ምልምል «አልለካም» ለማለት ያለው ነጻነት ጠባብ ነውና ኃላፊነቱ በለኪው ላይ ይወድቃል። ልብሱ አልሆን ሲል የሚታረመው ልብሱ ነው። መለኪያው ከልብሱ አልፎ በሰውየው ማንነት ላይ መፍረድ ከጀመረ ግን፣ አኃዙ የቱንም ያህል ቢጠራ፣ ልክ አይደለም።