ስሟ በዳቦው ላይ የሌለ እናት

በደቡብ ጣሊያን፣ ማቴራ በምትባል ከተማ፣ ከመዳፍ ብዙ የማይበልጡ የእንጨት ማኅተሞች በሙዚየም ተቀምጠዋል። አብዛኞቹን የቀረጿቸው እረኞች ናቸው፤ በግ እየጠበቁ፣ በጩቤ። የአንዱ እጀታ አውራ ዶሮ ነው፤ የሌላው የቆመ ሰው። ገልበጥ ሲደረጉ ታቻቸው ላይ ፊደል ተፈልፍሎባቸዋል። ድሮ በዚያ አገር ቤተሰብ ሊጡን እቤቱ ያቦካል እንጂ የሚጋግረው በጋራ ምድጃ ነበር። እናም የአንዱ ዳቦ በሌላው እንዳይቀየር እያንዳንዱ ቤት በሊጡ ላይ ማኅተሙን ያሳርፋል። ዳቦው ትልቅ ነው፤ ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ የሚበላ። ፊደሎቹ የማን ናቸው ቢሉ፣ የአባወራው ስም መነሻ ናቸው።

በሌሊት ተነስታ ያቦካችው፣ እርሾ ከጎረቤት ተበድራ በፈንታዋ ያበደረችው፣ ሊጡ ኩፍ እስኪል ሸፍና የጠበቀችው፣ በሳንቃ አድርጋ ወደ ምድጃው ያደረሰችው ሴት ስም የለበትም።

ከዚያ ወገን ተነስተው ባሕር ስለ ተሻገሩ እናቶች ሳስብ ሁልጊዜ የሚመጣብኝ ይህ ማኅተም ነው። ስለ አንዲት ሴት ብቻ አይደለም የምጽፈው። ከ1880 እስከ 1920 ባሉት ዓመታት (ዘመኑን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠራው) ከአራት ሚሊዮን በላይ ጣሊያናውያን ወደ አሜሪካ ገብተዋል፤ የሚበዙት የደቡብ ሰዎች ነበሩ። እኔ «እሷ» የምላት ከእነዚህ መካከል በዳቦ ልጆቿን ያሳደገችውን እናት ነው። ኒውዮርክም ቦስተንም ኒው ኦርሊንስም ነበረች።

እኛ ጣሊያንን የምናውቀው በወታደሩ ነው። መድፍ ጭኖ መጣ፣ ዓድዋ ላይ ድል ሆነ፣ ከአርባ ዓመት በኋላ በመርዝ ጋዝ ተመልሶ መጣ። እናቱን ግን አናውቃትም። በ1896 የዓድዋ ወሬ ሲሰማ በጣሊያን ከተሞች ሕዝብ አደባባይ ወጣ፤ በፓቪያ ወታደር የጫነው ባቡር እንዳይሄድ ሐዲድ ተዘጋ፤ የሴቶች ማኅበራት ጦሩ ከአፍሪካ ይመለስ ብለው ጠየቁ፤ የጠቅላይ ሚኒስትር ክሪስፒ መንግሥትም ወደቀ። ያ መንግሥት ልጇን ለጦርነት ሲፈልገው ነበር እንጂ ሲርበው አላወቀውም። በ1869 የተጀመረውና እስከ 1884 የቆየው የወፍጮ ግብር የተጣለው እህል በሚያስፈጭ ድሃ ላይ ነበር። ነጭ የስንዴ ዳቦ የጌቶች ነበር፤ የድሃው ገበታ ገብስ፣ በቆሎ፣ አንዳንድ ቦታም ቼስትነት የሚባል የዛፍ ፍሬ ዱቄት ነው።

ስለዚህ ባል እንጀራ ፍለጋ ቀድሞ ይሄዳል፤ እሷ ትቀራለች። ባሎቻቸው በሕይወት እያሉ እንደ መበለት የኖሩ ሴቶች ደቡቡን ሞልተውት ነበር። ማሳውን ያረሱ፣ ዕዳውን የከፈሉ፣ ከአሜሪካ የሚመጣውን ገንዘብ ቆጥበው የያዙ እነሱ ናቸው። ቲኬቱ ሲመጣ ደግሞ ልጆቿን አስከትላ ከኔፕልስ ወይም ከፓሌርሞ ትሳፈራለች። ስንቋ ሁለት ጊዜ የተጋገረ፣ እንደ ድንጋይ የደረቀ ዳቦ ነው፤ ውኃ ሲነካው ይለሰልሳል። ድርቆሽ ለልጁ የላከ ወይም የተላከለት አንባቢ ይህን ማስረዳት አያሻውም።

በመርከቡ መዝገብ ላይ ብዙ ጊዜ የሰፈረችው በአባቷ ስም ነው። ጣሊያናዊት ስታገባ በመዝገብ የአባቷን ስም ይዛ ትቀጥላለች፤ በዚህ እኛን ትመስላለች። የስደተኞች መግቢያ የነበረውን ኤሊስ ደሴትን አልፋ ከተማ ከገባች በኋላ ግን የባሏ ስም ተለጠፈባት። የልጅ ልጆቿ በዚህ በአዲሱ ስም መዝገቡን ሲያገላብጡ ላያገኟት ይችላሉ። እስከ 1922 ድረስ ዜግነቷም ቢሆን ባሏን ተከትሎ የሚመጣ ነበር።

ቀጥሎ የሚመጣው ይበልጥ ያስቆጫል። በ1910ሩ የአሜሪካ ሕዝብ ቆጠራ ለቆጣሪዎች የተሰጠው መመሪያ፣ በገዛ ቤቷ ያለ ደመወዝ የምትሠራና ሌላ ሥራ የሌላት ሴት በሥራ ዓምድ «የላትም» ተብላ እንድትጻፍ ያዛል። እስቲ ያቺን «ሥራ የሌላት» ሴት በሐሳባችን እንያት። ከጠባቡ ቤቷ ጥግ ሸንሽና ላጤ ተከራዮች አስገብታለች፤ ልብሳቸውን ታጥባለች፣ ራታቸውን ታበስላለች። ባሏ ምድር ቤት ተከራይቶ ምድጃ ከተከለ ደግሞ ሌሊቱም የእሷ ነው። ዳቦ የሌሊት ሥራ ነውና፤ ጎህ ሲቀድ ገዢ ደጃፍ ላይ ይቆማል። ሊጥ ታቦካለች፣ ትመዝናለች፣ ትደበልላለች፤ ሲነጋ ባንኮኒው ጋ ቆማ ትሸጣለች፤ የዱቤ ደብተሩንም በቃሏ ታውቀዋለች። ሕፃኑ በዱቄት ከረጢት ላይ ተኝቷል።

የኒውዮርክ ግዛት በ1895 የዳቦ ጋጋሪዎች ሥራ በቀን ከ10፣ በሳምንት ከ60 ሰዓት እንዳይበልጥ ደንግጎ ነበር። በ1905 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ በአምስት ዳኞች ድምፅ በአራት ተቃውሞ፣ ሕጉን ሻረው። በሕግ ትምህርት ቤት እስከ ዛሬ የሚጠቀስ ትልቅ ክርክር ነው። የተከራከሩበት ጋጋሪ ግን ደመወዝተኛ ነው። ያለ ደመወዝ ከባሏ ጎን የምታቦካው ሴት በዚያ ክርክር ባለጉዳይ አልነበረችም። ሕጉ ቢጸናም ቢሻርም ሊጧ አይጠብቃትም።

እና ይህን ሁሉ ምን እንበለው? «ለልጆቿ የነበራት ፍቅር» ይባላል። እውነት ነው፤ ፍቅር ነበር። የወደቀ ዳቦ አንስታ የምትስም፣ ዳቦ በጀርባው ተገልብጦ ገበታ ላይ ሲቀመጥ የምትቆጣ፣ ሊጡን በመስቀል ምልክት የምትባርክ ሴት ሥራዋን ሳትወድ አትሠራውም። ነገር ግን ፍቅር ብለን ስናበቃ ሥራ መሆኑን እንረሳለን። ምርጫ ነበራት ወይ ብለን አንጠይቅም። የእናትን ድካም ማወደስ ርካሽ ነው፤ ክፍያ አያስወጣም። ማስታወቂያ ሠሪዎች ይህን ቀድመው ተረድተዋል፤ ፈገግ ያለች ጣሊያናዊት አሮጊት በድልህ ጠርሙስና በፒዛ ካርቶን ላይ ስንት ጊዜ አይተናል! ያቺ የሥዕል አሮጊት ፊቷ ላይ ላብ የለባትም።

እኔ የማከብራት ባለ ላቧን ነው። ባለሙያ ነበረች። አሜሪካ የሰጣት ዱቄት የአገሯ ዱቄት አልነበረም፤ ውኃውም ምድጃውም ሌላ ነው፤ ክረምቱ እርሾ የሚያስተኛ ነው። ሚዛኑን በጣቷ እየዳሰሰች አስተካከለች። የደረቀውን ዳቦ አልጣለችም፤ ፈቅፍቃ በዘይት ጠበስ አድርጋ፣ አይብ መግዣ ለሌለው ፓስታ ነሰነሰችው። ሲሲሊያዊት ከሆነች ማርች 19 በቅዱስ ዮሴፍ በዓል የሠራችውን ማየት ነበር። በትር፣ ጢም፣ የአናጺ መሣሪያ የሚመስል ዳቦ በእጇ እየቀረጸች መሠዊያ የሚያህል ገበታ ትሞላለች፤ ከዚያ ድሆች ተጠርተው ይበሉታል። ኒው ኦርሊንስ ውስጥ ይህ ልማድ ዛሬም አለ። ያ ቅርጽ በድንጋይ ቢሆን ኖሮ ቀራጭ እንላት ነበር። በዳቦ ሆነና ተበላ።

በ1924 በሩ ተዘጋ። አዲሱ የኮታ ሕግ ለጣሊያን የፈቀደው በዓመት 3,845 ሰው ብቻ ነበር። እህቷ አልተከተለቻትም፤ እናቷን ዳግመኛ አላየቻትም። ልጆቿ ግን አደጉ፤ እንግሊዝኛ ለመዱ፤ ሱቁን ወረሱ ወይም ትተውት ኮሌጅ ገቡ። በቀድሞዎቹ የጣሊያን ሰፈሮች ዛሬም የሚታየው የዳቦ ቤት ሰሌዳ «እገሌ እና ልጆቹ» የሚል ነው። ልጆቹ ሲባል ደግሞ ወንዶቹ ናቸው። የወለደቻቸውም፣ ሊጥ መደብለል ያስተማረቻቸውም፣ ብዙ ጊዜ አባታቸው ሲሞት ሱቁን ያቆመችውም በ«እና» ፊደሎች መካከል ተውጣ ቀርታለች።

ጉዳዩ የጣሊያን ብቻ ቢሆን ይህን ያህል ባላንገላታኝ ነበር። ዛሬ በዋሽንግተን ዙሪያም በቴል አቪቭም በምጣዷ እንጀራ ጋግራ ለሱቅ የምታስረክብ የእኛ አገር እናት አለች። ጤፉ ሲወደድ ከሌላ ዱቄት ጋር የምትመጥን፣ አብሲቱ በብርድ እንዳይከሽፍባት በሌሊት የምትነሳ፣ ልጇን ዩኒቨርሲቲ ያስገባች። አዲስ አበባ ውስጥማ በየሰፈሩ ናት። ልጇ ፎርም ሲሞላ «የእናት ሥራ» የሚለው ክፍት ቦታ ላይ ሲደርስ፣ እጁ ሳያስብ «የቤት እመቤት» ብሎ ይጽፋል። ያ ፎርም በሚቀጥለው ጊዜ ሲደርሳችሁ፣ ጋግራ ያሳደገቻችሁ ከሆነች፣ እባካችሁ «ጋጋሪ» ብላችሁ ሙሉት፤ ስሟንም ከነአባቷ ጻፉት።