ጥንቃቄ ወይስ ጥርጣሬ? ከአንድ የወደብ ክርክር የምንማረው

ሰው ማታ በሩን ሲቆልፍ ጎረቤቱን ሌባ ማለቱ አይደለም። ለሁሉም የሚቆለፍ በር ማንንም አያስቀይምም። ነገር ግን አንዱ ጎረቤት ሲያልፍ በሩን ክፍት ትቶ፣ ሌላው ሲያልፍ ብቻ ሮጦ የሚቆልፍ ከሆነ፣ ያ ሰው ጠንቃቃ ሳይሆን ተጠራጣሪ ነው። ጥንቃቄ ንብረትን ይጠብቃል፤ ጥርጣሬ ግን የሰውን ክብር ይነካል። ሁለቱ መልካቸው ስለሚመሳሰል ሰው ብቻ ሳይሆን መንግሥታትም ያምታቷቸዋል።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን እ.ኤ.አ. በ2006 በአሜሪካ የተነሣው የወደብ ክርክር ነው። ንብረትነቱ የዱባይ መንግሥት የሆነው ዲ ፒ ወርልድ የተባለው ኩባንያ፣ ፒ ኤንድ ኦ የተሰኘውን ነባር የእንግሊዝ ኩባንያ በ6.8 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ገዛ። የእንግሊዙ ኩባንያ በኒውዮርክና ኒውጀርሲ፣ በፊላደልፊያ፣ በባልቲሞር፣ በማያሚና በኒውኦርሊንስ ወደቦች የጭነት ሥራ ያካሂድ ስለነበር፣ ይህም ሥራ አብሮ ወደ አዲሱ ባለቤት የሚተላለፍ ሆነ። የውጭ ባለሀብቶችን ግዢ የሚመረምረው የአሜሪካ መንግሥት ኮሚቴ ጉዳዩን አይቶ ፈቀደ። ወሬው በሕዝብ ዘንድ ሲሰማ ግን ከሁለቱም ፓርቲዎች ታላቅ ተቃውሞ ተነሣ። ፕሬዚዳንት ቡሽ ግዢውን የሚያግድ ሕግ ቢወጣ እንደሚሽሩት ቢያስጠነቅቁም፣ ማርች 8 ቀን አንድ የተወካዮች ምክር ቤት ኮሚቴ ግዢውን ለማገድ 62 ለ 2 በሆነ ድምፅ ወሰነ። በማግስቱ ኩባንያው የአሜሪካውን ሥራ ለአሜሪካዊ ባለቤት እንደሚያስተላልፍ አስታወቀ።

ብዙዎች ያን ጊዜ «ወደቦቻችን ለዓረብ ሊሸጡ ነው» ይሉ ነበር። ነገሩ ግን እንዲህ አልነበረም። ወደቦቹ የየአካባቢው የሕዝብ ባለሥልጣን ንብረት እንደሆኑ ይቀጥሉ ነበር። የኩባንያው ድርሻ ኮንቴይነር ማራገፍና መጫን ነበር። የጸጥታው ጥበቃና የጭነቱ ፍተሻም ከአገሪቱ የባሕር ጠረፍ ጥበቃና ከጉምሩክ እጅ አልወጣም።

ፍርድ ሚዛናዊ እንዲሆን የተቃዋሚዎቹንም ቃል መስማት ይገባል። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 አውሮፕላኖቹን ከጠለፉት 19 ሰዎች ሁለቱ የተባበሩት ዓረብ ኤሚሬቶች ዜጎች ነበሩ። ገዢው ተራ ነጋዴ ሳይሆን የመንግሥት ኩባንያ ነው። እንዲህ ላለው ገዢ ተጨማሪ የ45 ቀን ምርመራ መደረግ ሲገባው አልተደረገም ሲሉም ተከራክረዋል። እነዚህ ከባድ ጥያቄዎች ናቸው። ወደብ የአገር በር ነው፤ የአገር በር ደግሞ አማና ነው። አማና የተሸከመ ሰው ቢጠይቅ ሊወቀስ አይገባም።

ታዲያ ጥፋቱ የቱ ላይ ነው? ጥፋቱ ሚዛኑ ሁለት መሆኑ ላይ ነው። እንግሊዛዊው ኩባንያም የውጭ ነበር፤ እርሱ ሲሠራ ግን እንዲህ ያለ ጩኸት አልተሰማም። በሌሎች የአሜሪካ ወደቦችም የሲንጋፖር፣ የቻይናና የዴንማርክ ኩባንያዎች ይሠሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2001 መጨረሻ በጫማው ውስጥ ፈንጂ ደብቆ አውሮፕላን የተሳፈረው ሰው የእንግሊዝ ዜጋ ነበር፤ በዚህ ምክንያት የእንግሊዝ ኩባንያ ከወደብ ይባረር ያለ አልነበረም፤ ባይልም ትክክል ነው። ዱባይ በበኩሏ የአሜሪካ የጦር መርከቦችን በጀበል ዓሊ ወደቧ ታስተናግድ ነበር። ከሁሉ የሚያስገርመው፣ ኩባንያው ራሱ የ45 ቀኑ ምርመራ ይደረግብኝ ብሎ ከጠየቀ በኋላ ውጤቱን የሚጠብቅ ትዕግሥት መጥፋቱ ነው። «ምን ሠራ?» የሚለው ጥያቄ «ከየት መጣ?» በሚለው ተተካ ማለት ነው።

ቁርኣን በሱረቱል ሙጠፊፊን ሲቀበሉ አሟልተው፣ ሲሰጡ አጉድለው የሚሰፍሩትን ይወቅሳል። ይህ ለእህልና ለቅቤ ብቻ የተነገረ አይደለም፤ ሰውን የምንመዝንበትም ሚዛን ይጎድላል። በሱረቱል ሑጁራት ደግሞ ወሬ ሲመጣ እንድናጣራ ታዘናል፤ ጥርጣሬን ከማብዛትም ተከልክለናል። ማጣራት ታዟል፣ መጠራጠር ተከልክሏል፤ ሁለቱ ትእዛዞች በአንድ ሱራ ውስጥ ጎን ለጎን ይገኛሉ።

ይህንን በተግባር ያሳዩን ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ናቸው። ወደ መዲና ሲሰደዱ መንገድ መሪ አድርገው የቀጠሩት ዐብዱላህ ኢብኑ ኡረይቂጥን ነበር። ይህ ሰው ሙስሊም አልነበረም፤ በቁረይሾች ሃይማኖት ላይ ነበር። ቁረይሾች ነቢዩን ለሚያስይዝ መቶ ግመል እንደሚሰጡ አስነግረው ነበር። ይሁንና የሰውየው የመንገድ ዕውቀትና ታማኝነት ስለታወቀ ግመሎቻቸውን አስረከቡት፤ ከሦስት ሌሊት በኋላ በሠውር ዋሻ እንዲመጣ ቀጠሩት፤ እርሱም ቃሉን ጠበቀ። ጥንቃቄውንም አልተዉትም፤ ዋሻው ከመካ በስተደቡብ፣ ከመዲና በተቃራኒው አቅጣጫ ነበር። ሰውየው በሥራው ተመዘነ እንጂ በወገኑ አልተፈረደበትም።

እዚህ ላይ ግን ወደ ራሳችንም እንመልከት። ሙስሊም በሆነ ወገን ላይ ጥያቄ በተነሣ ቁጥር «ጠልተውን ነው» ማለት አይገባንም። ሕዝቧ ሙስሊም የሆነው ጎረቤታችን ጅቡቲም ከዚሁ ኩባንያ ጋር ተጣልታለች። የዶራሌን የኮንቴይነር ተርሚናል ለማስተዳደር በ2006 የተሰጠውን ውል፣ ሉዓላዊነቴን ይነካል በማለት በፌብሩዋሪ 2018 አፍርሳ ተርሚናሉን ተረከበች። በዚያው ዓመት በለንደን የተሰየመ የግልግል ዳኝነት ውሉ የጸና ነው ሲል ወሰነ፤ ክርክሩም ከዚያ በኋላ ለዓመታት ቀጠለ። የገቢና የወጪ ዕቃችን አብዛኛው በጅቡቲ በኩል ስለሚያልፍ ነገሩ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ሩቅ አይደለም። በዚያ ክርክር ውስጥ የሃይማኖት ጥላቻ የለበትም። የአገር በር በማን እጅ፣ ለስንት ዓመት፣ በምን ውል ይሁን የሚለው ጥያቄ በራሱ ተገቢ ጥያቄ ነው። ተገቢነቱ ግን ከመፈረም በፊት ይበልጣል፤ ከተፈረመ በኋላ ቃል መጠበቅ ራሱ ግዴታ ይሆናልና።

እንግዲህ መለኪያው ይህ ነው፦ ለእንግዳው ያቀረብነውን ጥያቄ ለዘመዳችንም እናቀርበዋለን? መልሱ «አዎን» ከሆነ ጥንቃቄ ነው፤ «አይደለም» ከሆነ ጥርጣሬ ነው። ቤት ስናከራይ፣ ሠራተኛ ስንቀጥር፣ ለልጃችን ትዳር ስንመርጥም ይኸው ሚዛን ይሠራል። በአሜሪካ የሆነውን ስናነብ የተበደልነው እኛ ነን ብለን እናዝናለን፤ በየሰፈራችን ግን የሰውን ብሔርና አገር ሰምተን ፊታችንን የምናዞር ስንት ነን? በደልን የሚያውቀው የተበደለ ነውና፣ ሚዛኑን ለማስተካከል ቀዳሚ ሊሆን የሚገባው እርሱ ነው።

አላህ በምንወደውም በምንጠላውም ላይ በፍትሕ የምንፈርድ ያድርገን። አሚን።