ገንዘብ የሌለው ሰው ፍላጎት የለውምን?

ዩኒቨርሲቲ ገብተን ኢኮኖሚክስ ማጥናት ስንጀምር መጀመሪያ ከተማርናቸው ቃላት አንዱ «ፍላጎት» የሚለው ነው። በቤታችን ፍላጎት ማለት የልብ መሻት ነው። በትምህርቱ ግን ሰው ፈላጊ ተብሎ የሚቆጠረው ከመሻቱ ጋር የመግዛት አቅም ሲኖረው ነው። እንግዲህ ዳቦ ቤት ደጃፍ ባዶ እጁን የቆመ ረኃብተኛ በሰሌዳው ላይ በተሰመረው የፍላጎት መስመር ውስጥ የለም ማለት ነው።

ይህንን ለፈተና አጥንተን ጥሩ ውጤት አገኘንበት። ይሁን እንጂ ከመካከላችን አንዱ ትምህርቱን ለእናቱ ሊያስረዳ ቢሞክር፣ «ልጄ፣ ታዲያ ገንዘብ የሌለው ሰው እንጀራ አልፈለገም ልትል ነው?» ብለው ጠየቁት። መልስ አጣ። ሲነግረን እኛም መልስ አጣን። ለመሆኑ ይህ ትምህርት ልባችንን ያደነድነዋልን?

አያደነድነውም እንላለን፤ በሚገባ ከተማርነው። መስመሩ ገበያ ማንን እንደሚሰማ ይነግረናል እንጂ ማን ሊሰማ እንደሚገባው አይነግረንም። ስሕተቱ ሁለቱን አንድ ማድረግ ነው።

ለዚህም ምስክር አለን። ሕንዳዊው የኢኮኖሚክስ ሊቅ አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተሙት መጽሐፍ የ1965 ዓ.ም. የወሎን ረኃብ መርምረዋል። እንዳስረዱት፣ ሕዝብ በረኃብ ሲያልቅ በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ያን ያህል አልናረም ነበር፤ እንዲያውም ጥቂት እህል ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ ይወጣ ነበር። ምክንያቱም አዝመራው የጠፋበት ገበሬ ያጣው የሚበላውን ብቻ ሳይሆን ሸጦ ገንዘብ የሚያገኝበትንም ጭምር ነው። ገንዘብ የሌለው ሰው ጩኸት ደግሞ በዋጋ ውስጥ አይሰማም። «የጠገበ የተራበ ያለ አይመስለውም» እንደሚባለው፣ ገበያውም እንዲሁ ሆነ።

እነሆ፣ ሊቁ ይህንን ያዩት ትምህርቱን ትተው ሳይሆን በትምህርቱ ነው። አዳም ስሚዝም ቢሆን «የሀገራት ሀብት» የተባለውን መጽሐፉን እ.ኤ.አ. በ1776 ከማሳተሙ በፊት በግላስጎው ዩኒቨርሲቲ የግብረ ገብ ፍልስፍና መምህር ነበር።

ወንድሞችና እኅቶች፣ ነገ ተመርቀን በባንክ፣ በፕላን መሥሪያ ቤት ወይም በንግድ ድርጅት ስንቀመጥ ብዙ ሠንጠረዥ ይቀርብልናል። «ዋጋው ተረጋግቷል» ብሎ ፈርሞ ማሳለፍ ቀላል ነው፤ አለቃንም አያስቆጣም። «እዚህ ውስጥ ያልተቆጠረው ማነው?» ብሎ መጠየቅ ግን ዋጋ ሊያስከፍል ይችላል። ያንን ዋጋ ለመክፈል ካልተዘጋጀን፣ የተማርነው ፈተናውን እንጂ ኢኮኖሚክስን አይደለም። የእናታችንም ጥያቄ ገና አልተመለሰም።