ስለ ከዋክብት ፎቶግራፍና ስለ ቀለም ሚዛን

የሰማይን ከዋክብት በፎቶግራፍ የሚያነሣ ሰው ሥራውን በዚያው ሌሊት አይፈጽምም። በማግሥቱ ተቀምጦ የሥዕሉን ቀለም ያቃናል፤ የበዛውን ቢጫ ይቀንሳል፥ ያነሰውን ሰማያዊ ይጨምራል። በዚህ ጊዜ አንድ ጥያቄ ይነሣል፤ ይኸውም፦ ይህ ሰው ያየውን እየመሰከረ ነው ወይስ የወደደውን እየሣለ ነው? የሚል ነው። ነገሩ የፎቶግራፍ አንሺዎች ጉዳይ ብቻ መስሎ ቢታይም፥ ምስክርነት ሁሉ የሚፈተንበት ጥያቄ ስለ ኾነ በቸልታ ሊታለፍ አይገባውም።

አስቀድሞ ሥራው እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ያስፈልጋል። በኦሪዮን ከዋክብት መካከል ያለው ታላቅ የጋዝና የትቢያ ደመና ከምድር 1,300 የብርሃን ዓመት ያህል የራቀ ነው፤ የዳር ዳሩም ብርሃን እጅግ ደካማ ስለ ኾነ በአንድ ሥዕል አጥርቶ ለማውጣት አይቻልም። ስለዚህ ባለሙያው ያንኑ ሥፍራ መቶ ጊዜ ያህል እያከታተለ ያነሣውና፥ መቶውን ሥዕል በኮምፒዩተር አንዱን በሌላው ላይ ደርቦ አማካዩን ያወጣል። በየሥዕሉ ላይ ያለ ሥርዐት የተበተነው ነቍጣ ነቍጥ አንዱ ወዲህ ሌላው ወዲያ ስለሚሳሳት እርስ በርሱ ይጣፋል፤ መቶ ሥዕል በተደረበ ጊዜም ይህ እንከን ወደ ዐሥረኛው እጅ ይወርዳል። እውነተኛው ብርሃን ግን በመቶውም ላይ በአንድ ሥፍራ ስለሚገኝ ጸንቶ ይቀራል።

እስከዚህ ድረስ ነገሩ መልካም ነው፤ ብዙ ምስክር ከአንድ ምስክር ይሻላል። ነገር ግን ሥዕሉ በከተማ አጠገብ የተነሣ እንደ ኾነ፥ የመንገዱ መብራት ቢጫ ጸዳል በመቶውም ላይ እኩል ዐርፎአል። ኮከቡ ወደ አድማስ ዝቅ ብሎ እንደ ኾነም፥ ጥቅጥቁ አየር ሰማያዊውን ብርሃን በትኖ ቀዩን አሳልፎአል። መሣሪያው ራሱ እንኳ ከአድልዎ ንጹሕ አይደለም፤ በተለመደው ካሜራ ውስጥ ከየአራቱ የብርሃን መቀበያ ሁለቱ ለአረንጓዴ፥ አንዱ ለቀይ፥ አንዱ ለሰማያዊ የተመደቡ ናቸውና ያልተቃናው ሥዕል ብዙ ጊዜ ወደ አረንጓዴ ያዘነብላል። እንዲህ ያለውን ስሕተት መደራረብ አያጠፋውም፤ እንዲያውም ያጸናዋል። በአንድ ቢጫ መስተዋት የተመለከቱ መቶ ሰዎች ቢስማሙ፥ ስምምነታቸው የመስተዋቱን ቀለም እንጂ የነገሩን ቀለም አያስረዳም። በመንደር ወሬም እንዲሁ ነው፤ ከአንድ አፍ የሰሙ ዐሥር ሰዎች ዐሥር ምስክሮች ተብለው ሲቈጠሩ ስንት ጊዜ ታይቶአል!

እንግዲህ «እጅ ያልነካው ሥዕል እውነተኛ ነውና እንደ መጣ ይቀመጥ» የሚል ሰው ቅን ቢመስልም ተሳስቶአል። እንደ መጣ የተቀመጠው የኮከቡ ቀለም ሳይኾን የመብራቱና የመሣሪያው ቀለም ነው። በቤተ ልሔም በልደት ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ የሚገኘው የ12ኛው መቶ ዓመት ሞዛይክ፥ በ2013 እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በተዠመረው እድሳት የዘመናት ጥላሸት ተጠርጎለት ወርቁ ሲገለጥ፥ ጠራጊው ወርቅ ጨመረበት ያለ ሰው የለም።

ነገር ግን ጥላሸትን ጠርጎ ማቆምና ወርቁንም አብሮ መፋቅ የሚለዩት በምንድር ነው? የክርክሩ ሁሉ ሥር ይህ ነው። ባለሙያው በመዠመሪያ በከዋክብት መካከል ያለውን ባዶ ሰማይ ይመለከትና፥ በዚያ የተገኘውን የመብራት ጸዳል ከሥዕሉ ሁሉ ላይ ይቀንሳል። ቀጥሎ ሦስቱን ቀለሞች እያንዳንዳቸውን በተገቢው ልክ ያበዛል። ልኩን ግን ከዐይኑ አይወስድም፤ ቀለማቸው አስቀድሞ ከተለካ ከዋክብት ይወስዳል እንጂ። አንዳንዱ ፀሐይን የመሰለ ኮከብ ፈልጎ እርሱን ነጭ ያደርጋል። ዛሬ ግን ብዙዎች የሚጠቀሙት የአውሮጳ የጠፈር ድርጅት በ2013 ባመጠቀው ጋያ በተባለው መንኰራኵር መዝገብ ነው፤ ይህ መንኰራኵር እስከ 2025 መባቻ ድረስ ሁለት ቢሊዮን የሚጠጉ ከዋክብትን ተመልክቶአል። ነጋዴ ሚዛኑን በራሱ ድንጋይ ሳይኾን ገበያው ሁሉ በሚያውቀው ድንጋይ እንደሚያስተካክል ያለ ነው።

ዐይን ብቻውን ሲፈርድ ምን እንደሚደርስ በ1976 ታይቶአል። በዚያ ዓመት የአሜሪካው ቫይኪንግ 1 በማርስ ላይ ዐርፎ የላከው የመዠመሪያው ባለ ቀለም ሥዕል ሲወጣ ሰማዩ እንደ ምድር ሰማይ ሰማያዊ ተደርጎ ነበር። በመንኰራኵሩ አካል ላይ የቀለም መለኪያ ሰሌዳ ተለጥፎ ነበርና፥ በዚያ በጥንቃቄ በተመሳከረ ጊዜ ሰማዩ ከአየሩ ትቢያ የተነሣ ወደ ሮዝ ያደላ ኾኖ ተገኘ። እርማቱ ሲነገር ከተሰበሰቡት ጋዜጠኞች ቅር ያላቸው ነበሩ። ማንም ሊያታልል አላሰበም፤ ሰው ግን የማያውቀውን አገር በሚያውቀው ቀለም መቀባት ይቀናዋል። መለኪያው እዚያው በእግሩ ሥር ተቀምጦ ሳለ እንኳ!

ከዚህ የከበደ ሌላ ነገር አለ። በ1995 በሀብል ቴሌስኮፕ የተነሣው የንስር ደመና ዓምዶች ሥዕል ስሙ በዓለም የታወቀ ነው፤ በርሱም የድኝ ብርሃን ቀይ፥ የሃይድሮጅን አረንጓዴ፥ የኦክሲጅን ሰማያዊ ተደርጎ ተመድቦአል። በእውነቱ ግን የድኙም የሃይድሮጅኑም ብርሃን ቀይ ነው፤ እንዲህ የተለየው የትኛው ጋዝ በየት እንዳለ ለማሳየት ነው። ይህ ውሸት አይደለም፥ እንዲህ እንደ ተደረገ ተገልጾአልና። ያው ሥዕል መግለጫው ተቈርጦለት «ቀርበው ቢያዩት እንዲህ ነው» ተብሎ የተሸጠ ዕለት ግን፥ አንዲት ነጥብ ሳትለወጥበት ሐሰት ይኾናል። የሰው ዐይን ዳኛ ይኹን ቢባልም አያዋጣም፤ የኦሪዮንን ደመና በቴሌስኮፕ የሚያይ ሰው ብዙ ጊዜ ግራጫ ወይም ጥቂት አረንጓዴ እንጂ ቀዩን አያይም፥ ዐይን በደካማ ብርሃን ቀይን መለየት ይሳነዋልና። ቀዩ ግን በእርግጥ አለ።

ጥንቁቆቹ በተቻላቸው መጠን ማቃናት ወደማያበዙበት ሥፍራ ይሄዳሉ። በኔጌቭ ምድረ በዳ ያለው የራሞን ገደል በ2017 በጨለማ ሰማይነቱ ዓለም አቀፍ ዕውቅና ያገኘ ነው፤ በዚያ ከከተማ ይልቅ የሚቀነሰው ጸዳል ጥቂት ነው። በዚያም ቢኾን አየሩና መሣሪያው አይቀሩምና ሥዕሉ ሳይቃና አይወጣም። ስለዚህ ባለሙያው ሥዕሉን ሲያወጣ በየትኞቹ ከዋክብት እንዳቃናው ከግርጌው ይጽፋል፤ ያልተነኩትንም መቶ ሥዕሎች አይደመስሳቸውም፥ ሌላ ሰው በዚያው መለኪያ ዳግመኛ ሊሠራቸው የጠየቀ እንደ ኾነ አውጥቶ ይሰጠዋል።