ወንዴና ሴቴ ስለሚባሉ ዕቃዎች

በወልቂጤም ሆነ በቡታጅራ ከቧንቧ ዕቃ መሸጫ ገብቶ መጋጠሚያ የሚጠይቅ ሰው፥ ባለሱቁ «ወንዴውን ነው ሴቴውን?» ይለዋል። ጥርሱ በውጭ ሆኖ የሚገባው ወንዴ፥ ጥርሱ በውስጥ ሆኖ የሚቀበለው ሴቴ ነው። ስሙ ለሥራ ይመቻል፤ እንግሊዞችም ጣልያኖችም በየቋንቋቸው እንዲሁ ይላሉ።

ወጣት አንባቢዬ ሆይ፤ ስሙ ስለ ቅርጽ እስከተናገረ ድረስ ክፋት የለበትም። የሚከፋው ከቅርጽ አልፎ ስለ ማዕረግ ሲናገር ነው። ሙያ ልትማር ወደ ወርክሾፕ የገባች ልጅ፥ ዕቃ ባቀበለች ቁጥር በስሙ እያሳበቡ የሚሣሣቁባት ጓደኞች ቢኖሩ ከብረቱ በፊት ዕፍረትን ትማራለች፤ ሙያውን ትታ ብትሄድም አይፈረድባትም። እንዲህ ያለው ሣቅ ደግሞ እንደ ጨዋታ ስለሚቆጠር ተቆጪ የለውም።

ዳሩ ግን ብረቱ ራሱ ለዚህ ቀልድ አይመሰክርም። ኒፕል የሚባለው አጭር ቧንቧ ሁለቱም ጫፉ ወንዴ ነው፤ ሥራውም ሁለት ሴቴዎችን ማገናኘት ነው። አንዱ ጫፉ ወንዴ፥ ሌላው ሴቴ የሆነ ኤልቦም አለ። ከዚህ ውስጥ የሰውን ጠባይ ያገኘ ቢኖር ያስተምረኝ!

ቋንቋችንም በዚህ ነገር ጽኑ አይደለም። መካኒኩ በቅርጿ ወንዴ የሆነችውን ትንሽ ብሎን «ያችን አቀብለኝ» ይላል፤ ትልቅ ስትሆን «ያንን» ይላታል። የዕቃ ጾታ በአማርኛ እንደ መጠኑና እንደ ተናጋሪው ስሜት የሚለዋወጥ ነው።

ታዲያ ስሙ ይለወጥ ወይ? በ2003 እ.ኤ.አ. የአሜሪካው የሎስ አንጀለስ ካውንቲ «ጌታ» እና «ባሪያ» የሚሉትን የመሣሪያ ስሞች እንዲተዉ ዕቃ አቅራቢዎቹን በጠየቀ ጊዜ ብዙ ሰው ሣቀበት፤ ዛሬ ግን ብዙ የኮምፒዩተር ባለሙያዎች ትተዋቸዋል። ሆኖም በስም ለውጥ ብቻ ሥርዓት አይለወጥም። በ19ኛው መቶ ዓመት የቃቄ ውርድወት በጉራጌ የየጆካ ሸንጎ ፊት ቀርባ የተከራከረችው ሴት ትዳሯን ስለምትፈታበት መብት ነበር እንጂ ስለ አጠራር አልነበረም። ስለዚህ በመጀመሪያ ሣቁ ይቅር እላለሁ።

አጠራሩን መለወጥ ለሚወድ ግን «ውጭ ጥርስ» እና «ውስጥ ጥርስ» ማለት አይከብድም። ብሎንና ዳዶም ከጣልያንኛ መጥተው፥ ማንም ጾታቸውን ሳይጠይቅ በየጋራዡ ይጠባበቃሉ።